የእመት ጃርት ዱባና ጢማሙ ባለመድኃኒት

ዱሮ ነው፤ በጣም ዱሮ። እንስሳ ሁሉ እንደ ሰው ሲናገር፣ ሰው ደግሞ ከዛሬው ይልቅ ዝም ማለት ሲያውቅበት፣ ስሙን ማንም ባላስታወሰው አንድ አገር እመት ጃርት የምትባል የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ባሏ አባ ጃርት ሰው ማሳ ገብቶ ዱባ ሲሰርቅ ወጥመድ ያዘውና እዚያው ቀረ። እሷም አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ሁለቱን ልጆቿን፣ ወስፌንና መርፌን፣ ፊቷ አቁማ እንዲህ ስትል ማለች፦

«ጌታዬ ሆይ፣ ከእንግዲህ የሰው ማሳ አልረግጥም፣ ልጆቼንም አላስረግጥም። በላቤ አብላኝ።»

መማሉስ ቀላል ነው፤ ሆድ ግን መሐላ አይሰማም። አባ ጃርት በመጨረሻ ካመጣው ዱባ የተረፈች አንዲት ፍሬ ነበረቻት። ዝናቡ ሲጀምር ከጎሬዋ ደጅ አፈሩን አለስልሳ፣ ፍግ ጨምራ ያቺን ፍሬ ቀበረቻት። ልጆቿን በጋውን የሚያሻግር አንድ ትልቅ ዱባ፤ ሌላ ምንም አልለመነችም።

ፍሬዋ በቀለች። ሐረጉ ወዲህ ተሳበ፣ ወዲያ ተሳበ። አንደኛው ክንዱማ አጥር ሆኖ በቆመው የአጋም ቁጥቋጦ ሥር ገብቶ ጠፋ። «ይሂድ፣ የት ይደርሳል» ብላ ተወችው። ከደጇ ፊት ለፊት ግን አበባው ረግፎ አንድ ዱባ ያዘ። ዱባው ቡጢ አከለ። የሕፃን ጭንቅላት አከለ። ከዚያ ቀጥ!

እመት ጃርት በየማለዳው፣ ገና ዓይኗን ሳታብስ፣ ወደ ዱባው ትሮጣለች። በሁለት እጇ ብድግ ታደርገዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ከትናንቱ ከብዶ እንደሆነ ትመዝነዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ልጆቹ ከጎሬው አፍ ብቅ ይላሉ።

«እማ፣ ዱባው አደገ?»

«አላደገም!»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ! እሱን ጠይቁት!»

አንድ ቀን ጎረቤቷ ቆቅ በዚያ ስታልፍ ቆም አለች።

«እንደምን አደርሽ እመት ጃርት? ምነው ፊትሽ እንደ ሰነበተ ጎመን ጠወለገ?»

«ተይኝ እቴ! ይሄን ጉድ አታይም? አጠጣሁት፣ ፍግ አለበስኩት፣ አረምኩለት። ምን ቀረኝ? አዝዬ እሹሩሩ ልበለው?»

ቆቅ ዱባውን አላየችም። የምታየው መሬቱን ነው፤ ፍጉ ውስጥ ምስጥ ይርመሰመስ ነበራ።

«ሥሩ ታፍኖ ነው እኮ እህቴ! ይጫርለት። ጎረቤት ለምን ሆንኩ፣ እኔው እጭርልሻለሁ።»

ጫረች። ምስጡን አንድ ባንድ ለቅማ በላች። ከምስጡ ጋር ቀጫጭኑን ሥር ሁሉ በጣጥሳ ስታበቃ አፏን በሣር ጠረገችና «በይ እግዜር ይማረው» ብላ ሄደች።

በማግስቱ፦

«እማ፣ ዱባው አደገ?»

«አላደገም!»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ! እሱን ጠይቁት አላልኩም?»

የእመት ጃርት ዱባ ታሟል የሚለው ወሬ ከጥሻ ጥሻ ዞረ። ወሬውን ሰምቶ አያ ፍየል መጣ። ጢሙ ወርዶ ደረቱን ይጠርጋል። ሲራመድ ቀስ፣ ሲናገር ቀስ፣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርጋል። እመት ጃርት ያንን ጢም ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ይግቡ አያ ፍየል! እግዜር ነው ያመጣዎት።»

«ሌላ ማን ያመጣኛል ልጄ! በሽተኛው የታለ?»

አሳየችው። አያ ፍየል ዱባውን ዞረው፣ አሸተተው፣ ጢሙን ነቀነቀ። ከዚያ ጃንጥላ ጃንጥላ የሚያካክለውን፣ ጤዛ የተኛበትን ለምለም ቅጠል አየና ምራቁን ዋጠ።

«አገኘሁት» አለ። «በሽታው ቅጠሉ ነው።»

«ቅጠሉ?»

«ቅጠሉ ነዋ ልጄ! ውሃ ታጠጫለሽ፤ ማን ይጠጣዋል? ቅጠሉ። ፍግ ትጨምሪያለሽ፤ ማን ይበላዋል? ቅጠሉ። ይሄን ሁሉ ሥራ ፈት ተሸክሞ ዱባው በየት በኩል ይደግ? ትንሽ ይቀነስለት!»

«ለድካምዎስ ምን ልስጥዎት?»

«ምንም! የታመመው ቅጠል ሌላው ላይ እንዳይጋባ እኔው ይዤልሽ እሄዳለሁ።»

«በምን ይዘውት?»

«በሆዴ ነዋ» አለ አያ ፍየል ተንፍሶ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ የሌላውን መከራ መሸከም አመሌ ነው።»

ቆርጠም ቆርጠም አደረገና ሄደ። ነጋ። ዱባው ያው ነው። አያ ፍየል ተመልሶ መጣ።

«በሽተኛው እንዴት አደረ?»

«ኧረ እንዳለ ነው አያ ፍየል! ቅንጣት አልጨመረም።»

«መድኃኒቱ ገና አልያዘውም። ትንሽ ይቀነስለት!»

ቆርጠም ቆርጠም አደረገ። እንዲህ እየመጣ፣ እንዲህ እየቆረጠመ ሰነበተ። ትንሿ መርፌ ከጎሬው አፍ ሆና ታይ ነበርና አንድ ቀን እናቷን ጎተት አደረገቻት።

«እማ፣ ዱባው አላደገም። አያ ፍየል ግን ወፈሩ።»

«ዝም በይ አንቺ! ሽማግሌ እንዲህ ይባላል? ጢማቸውን አታይም?»

መርፌ ጢሙን አየች። ጢሙ ላይ የዱባ ቅጠል ቁራጭ ተሰክቷል። ግን ዝም በይ ተብላለችና ዝም አለች።

በመጨረሻ ከደጁ ፊት ያለው ሐረግ ቅጠሉ ሁሉ አልቆ እንደ ተጣለ ገመድ መሬት ላይ ተጋደመ። ዱባው ከልጅ ጭንቅላት ሳያልፍ ቢጫ ሆነ፣ ለሰለሰ፣ በአንድ ጎኑ መሽተት ጀመረ። አያ ፍየል ዙሪያውን አየ፤ የሚቀነስ ነገር አጣ።

«እንግዲህ ልጄ፣ እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። የቀረው የእግዜር ነው» አለና እያገሳ ሄደ።

እመት ጃርት ከዱባው ፊት ቁጭ አለች። እሾኋ ሁሉ ከንዴት የተነሣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አንተ! ምን ጎደለህ? በል ንገረኝ! ከልጆቼ ይልቅ አንተን አላጠጣሁም? ቆቅ አልጫረችልህም? እንዲያ ያሉ ሽማግሌ እየተመላለሱ አላከሙህም? ደንቆሮ!»

ዱባ ምን ይመልሳል? ዝም።

ዝናቡ አባራ፣ ሣሩ ደረቀ። የሚማሰውም ሥር በቅርብ ታጣ። ልጆቹ ዱባው አደገ ወይ ብለው መጠየቁን እንኳ ተዉ። እናት የልጅ ልቅሶ ትችላለች፤ የልጅ ዝምታ ግን አይቻልም። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመት ጃርት ከጎሬዋ ወጣች።

«ኑ፣ ከኋላዬ ተሰለፉ።»

«የት ልንሄድ ነው እማ?» አለ ወስፌ።

«አባታችሁ የሄደበት።»

መርፌ ወንድሟን ተጠጋችው። እመት ጃርት ከፊት ከፊት እየሄደች ታጉረመርማለች፦ «ጌታዬ፣ ቃሌን ልበላ ነው። ሌላ የሚበላ አላስቀረህልኝም። አትቆጣኝ፤ ብትቆጣም እኔን ብቻ ተቆጣ።»

ወደ ሰው ማሳ የሚያወርደው መንገድ አጋሙን ከጀርባው ዞሮ ያልፋል። ከዚያ በኩል እግሯ አልፎ አያውቅም፤ ከማለች ወዲህ ያንን መንገድ ማየት አትወድም ነበር። ዞር ስትል የእግሯ ጣት አንድ ነገር መታ።

«ኧረ ይሄን ድንጋይ ማን አስቀመጠው! የጎደለኝ ይሄ ነበር?»

ድንጋዩን ለመግፋት እጇን ዘረጋች። ለስላሳ ነው። አንኳኳችው። ዱም ዱም አለ። ጎንበስ ብላ ስታይ፣ ለድግስ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን የሚያህል፣ ሁለት እጇን ዘርግታ የማታቅፈው ዱባ ተቀምጧል።

ወስፌ ዘሎ ሊነክሰው ሲል በጥፊ መለሰችው።

«እንዳትነካ! የሰው ይሆናል!»

ልትሰርቅ የወጣች እናት፣ ዱባ እግሯ ሥር ሲወድቅላት የማን ነው ብላ ጠየቀች። መሐላዋ ከሆዷ ሥር ገና አልሞተም ነበር። የዱባውን ሐረግ ይዛ ባለቤቱን ልትፈልግ ተነሣች። ሐረጉ አጋሙ ሥር ገባ፤ እሷም ገባች። እሾህ ቢወጋት እሾህ ለጃርት ምኗ ነው? ተሳበች፣ ተሳበች፣ በወዲያኛው በኩል ብቅ ስትል የወጣችው የት መሰላችሁ? ከገዛ ደጇ!

«አንተ!» አለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቀችም። «እዚያ ተደብቀህ ነው እንዴ ያን ያህል ያስለቀስከኝ?»

ከዚያ ግን ልብ ብላ አየች። አጋሙ ሥር ያለው ሐረግ ቅጠሉ አንድም አልጎደለ። በየአንጓው አዲስ ሥር ሰድዶ መሬቱን ጨብጧል።

«ይሄን ማን ጫረለት? ማንም። ማን ቅጠሉን ቀነሰለት? ማንም፤ አጋሙ መቼ የፍየል አፍ ያሳልፋል! ማንስ በየማለዳው እያነሣ ሐረጉን ጠመዘዘው…» ብላ ሳትጨርስ የገዛ እጇን አየች። ዓይኗን ወደ ሰማይ አነሣችና «እሺ፣ ገባኝ» አለች።

በማግስቱ አያ ፍየል ቅጠል አቆጥቁጦ እንደሆነ ብሎ መጣ።

«በሽተኛው እንዴት አደረ?»

«ኧረ አያ ፍየል፣ እንዴት ያሉ አዋቂ ነዎት! በሽታው ከዚህ ሸሽቶ አጋሙ ሥር ገባ። የቅጠሉ ብዛት! የቅጠሉ ስፋት! ለምለምነቱ ደግሞ…»

አያ ፍየል አላስጨረሳትም። አንገቱን አስግጎ አጋሙ ውስጥ ተወረወረ። አጋሙም ጢሙን ከግራ ከቀኝ ጨምድዶ ያዘው። ቢጎትት እሾህ፣ ቢገፋ እሾህ።

«ሜ-ኤ-ኤ! ልጄ፣ አስለቅቂኝ!»

እመት ጃርት ቀስ ብላ ዞረችው። አሸተተችው። ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች።

«አገኘሁት» አለች። «በሽታው ጢምዎ ነው።»

«ጢሜ?»

«ጢምዎ ነዋ አያ ፍየል! ደጄን ማን ከፈተልዎት? ጢምዎ። የልጄን አፍ ማን አስዘጋኝ? ጢምዎ። ይሄን ሁሉ ክብር ተሸክመው አንገትዎ እንዴት ይቻለው?» ወደ ልጆቿ ዞረች። «ምን ይሻላል ልጆች?»

ወስፌና መርፌ በአንድ አፍ ጮኹ፦ «ትንሽ ይቀነስለት!»

የጃርት ጥርስ ግንድ ይቆርጣል፤ ጢም ለእሱ ምኑ ነው? ቆርጠም ቆርጠም! አያ ፍየል አገጩ ላይ አንድ ጭብጥ ፀጉር ቀርቶለት እየጮኸ ሸሸ። ጩኸቱን የሰማችው ቆቅም «የእኔን ደግሞ ጥፍሬን ይቀንሱልኝ ይሆናል» ብላ እስከ ማዶው ተራራ በረረች። የፍየል ጢም እስከ ዛሬ ያችው ጭብጥ ናት።

ዱባው አንገቱ እስኪደርቅ አጋሙ ሥር ተቀመጠ። ልጆቹ በየማለዳው ይጠይቃሉ።

«እማ፣ ዱባው አደገ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አልነካሁትም» ትላለች፤ ለመንካት የሚበላትን እጇን ከጀርባዋ አጣምራ።

ሲደርስ ሦስቱም እያንከባለሉ አገቡት። በጋውን ሙሉ በሉት። ከፍሬውም እፍኝ ሙሉ ወስዳ፣ ባሏ ለሰረቀው ምትክ፣ እሱ በቀረበት ማሳ ጠርዝ ላይ አኖረችና፣ ወደ ውስጥ አንድ እግር ሳታስገባ፣ አማትባ ተመለሰች።

እኔ የሰማሁትን አወረድኩ፤ እናንተ ለሚመጡት አሻግሩ። አማካሪ የበዛበትን ሰው ባያችሁ ጊዜም እንዲህ በሉት፦

«ፍየል ያከመው ዱባ፣ ቅጠል አልባ ፍሬ አልባ።»