የየሻረግ ሙሾ በላቀው ቆርቆሮ ጉሮሮ

በአንድ ወቅት ልበል እንጂ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ሁለቱ ሴቶች ዛሬም ናዝሬት ውስጥ አሉ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ መሆንም አልፈልግ። ሰምታችሁ እናንተው ፍረዱ።

ላቀው የሚባል ዘፋኝ ነበረ። ሕዝቡ «ላቀው ቆርቆሮ» ይለዋል፤ ድምፁ በረዶ የሚወርድበት ቆርቆሮ ነበራ! ፓንክ የሚሉትን የፈረንጅ ጩኸት ከየት እንዳመጣው እንጃለት። «ዝገት» ከሚባለው ባንዱ ጋር ጊታሩን እያንጫረረ፣ ሸሚዙን እየቀደደ ሲዘፍን ትልልቅ ሰዎች «ኧረ ይኼን ልጅ ጠበል ውሰዱት» ይሉ ነበር። ወጣቱ ግን አበደለት። ካበዱት አንዷ ትርንጎ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ካሴት አላመለጣትም። የሒሳብ አስተማሪ ሆና፣ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ፀጉሯ ሸብቶም ቆርቆሮን አልተወችም። ባሏ «ወይ እኔን ወይ እሱን» ቢላት ሳቀችበት፤ የቀልዱን መስሏት ነበር፣ እሱ ግን ኋላ ትቷት ሄደ።

ከዘፈኖቹ ሁሉ አንዱን ትወድ ነበር፦

ዝናቡ ሳይመጣ ጣራው ተገለጠ፣
በሬን ሳልዘጋበት ልቤ አመለጠ።

መጀመሪያ የሰማችው ናዝሬት ኮሌጅ ስትማር፣ የመጨረሻው ፈተና ሳምንት ሲቀረው፣ በተማሪዎች አዳራሽ ነው። ወንበር ላይ ወጥታ ጨፈረች። ጫማዋ እስኪበጠስ ዘለለች።

ፈተናውን ጨርሳ ኮምቦልቻ እናቷ ቤት በገባች ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጁን ሞላው። መርዶ ነው። ታላቅ ወንድሟ መንበሩ በባቲ መንገድ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ሦስት ሳምንት አልፎታል። እናቷ ወይዘሮ የሻረግ «አንዱ ከሞተብኝ ሌላዋ ከትምህርቷ አትቅርብኝ፤ ፈተናዋን ትጨርስ» ብለው አስደብቀው ነበር። የአገሩ ወግ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን የእድሩ ድንኳን ተነቅሏል፤ ለቀስተኛው እንባውን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል። ትርንጎ ብትጮህ «በቃሽ፣ እናትሽን አታስቢያትም?» አሏት። አብሯት የሚያለቅስ ሰው አጣች።

ናዝሬት ስትመለስ ያ ዘፈን የወጣበትን ካሴት ከፈተች። ወንድሟን በላቀው ጩኸት አለቀሰችው። ከዚያ ወዲህ በየሙት ዓመቱ በር ዘግታ እንደዚያው ታደርግ ነበር። አርጅተው አብረዋት መኖር የጀመሩት እናቷ እንኳ አያውቁም።

እንግዲህ ላቀው ጉሮሮው ታመመና፣ መዝፈን ሲያቅተው የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። ትርንጎ መጽሐፉን በወጣ ቀን ገዛች። ግማሹን በሳቅ ጨረሰችው። ከግማሹ በኋላ እንዲህ የሚል አገኘች፦

«ለናዝሬት ተማሪዎች ልንጫወት ከመቀሌ ስንወርድ መኪናችን ኮምቦልቻ ላይ ተበላሸ። ጥገናው ሦስት ቀን ፈጀ። ርቦናል። ከአንድ ፋብሪካ ጀርባ የለቅሶ ድንኳን አየሁና ገባሁ። ሟቹን አላውቀውም፤ የገባሁት ለንፍሮው ነው። ሦስቱንም ቀን በላሁ። ሟቹ መንበሩ የሚባል ሾፌር ነው አሉ። እናቱ ሙሾውን ራሳቸው ያወርዳሉ፤ 'በሬን ሳልዘጋበት ልጄ አመለጠ' አሉ። እኔ 'ልጄ' ያሉትን 'ልቤ' አልኩት፤ ሌላው ሁሉ የሳቸው ነው። የኔ ምርጥ ዘፈን የኔ አይደለም። ስሞት ግን እሱን ዝፈኑልኝ፤ በሕይወቴ እውነተኛ ለቅሶ የሰማሁት እዚያ ብቻ ነው።»

ትርንጎ «የወንድሜ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ጨፈርኩበት! በእናቴ ሙሾ! ወንበር ላይ ወጥቼ!» እያለች ፊቷን በጥፊ መታች። ቆየት ብላ ደግሞ ሌላው ነገር ገባት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ወንድሟን ያለቀሰችው በገዛ ሙሾው ኖሯል። ይኼኛው ባሰባት። ወረቀት አውጥታ ለላቀው «አንተ ሌባ» ብላ ጀመረች፣ አራት ገጽ ጽፋ መጨረሻው ላይ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መጻፏን አየች። ቀደደችው። እንደገና ልትጽፍ ስትል ላቀው ሞተ።

የባንዱ ጊታሪስት ይርዳው ደወለላት። «እህቴ ትርንጎ፣ ኑዛዜው ነው። የሽኝቱ ቀን ዘፈኑን የምታወጪው አንቺ ነሽ። ሃያ ስምንት ዓመት ከመድረካችን ሥር አልጠፋሽም፤ ካንቺ የቆየ ወዳጅ የለውም።»

ትርንጎ መጽሐፉን ይዛ እናቷ ፊት ተቀመጠች። አነበበችላቸው። ወይዘሮ የሻረግ እስኪያልቅ ሰሙ።

«ንፍሮውስ ይሁን፣ ይብላው» አሉ። «ሙሾ ግን ለአንድ ሬሳ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ እንኳ ደግሜው አላውቅም። የልጄን ከፈን ገፎ ስንት ዘመን ለብሶት ኖረ፣ አሁን ደግሞ ተቀብሮበት ይሂድ?»

የሽኝቱ ቀን ሜዳው ጢም አለ። ሣጥኑ መሐል ላይ ተቀምጧል። ይርዳው ጊታሩን ሲጀምረው የሸበተው ሁሉ እንደ ልጅ ጮኸ። ያኔ ወይዘሮ የሻረግ በምርኩዛቸው ሰው እየገፉ መጥተው ሣጥኑ ፊት ቆሙ።

«አቁሙ! የልጄ ነው!»

ጊታሩ ቆመ። ይርዳው ጎንበስ ብሎ «እማማ» አላቸው፣ «እሱ ባይወስደው ከድንኳኑ ጋር ተጠቅልሎ በቀረ። ስንቱ ሊሞት ወስኖ በዚህ ዘፈን ተመልሷል መሰለዎት!»

«ቢቀርስ? እኔ ለልጄ እንጂ ለአገር ምድሩ አላለቀስኩም!»

ማይኩ ትርንጎ እጅ ነው። ሕዝቡ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ያንቺም አይደለም፣ የሱም አይደለም» አለች። «አንቺ ለቅሶዬን ደበቅሽብኝ። እሱ ከድንኳንሽ ሰርቆ አመጣልኝ። ከመንበሩ ሞት የደረሰኝ ይኼ ብቻ ነው።»

ዘፈነችውም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ወይዘሮ የሻረግ መዳፋቸውን ልጃቸው አፍ ላይ ከደኑ። ትርንጎ የእናቷን እጅ አላነሳችም፣ መዝፈኗንም አልተወችም። ድምፁ ከመዳፉ ሥር ታፍኖ፣ ሁለቱም እያለቀሱ፣ ቄሱ «ሰዓቱ ደረሰ» ብለው ሣጥኑ እስኪነሳ ድረስ እንደዚያ ቆዩ።

ቤታቸው ገብተው አልተነጋገሩም። እስከ ዛሬም እንደዚያው ናቸው፤ አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች። አሁን የላቀው አርባ ደርሷል፣ ይርዳውም «ይዘፈን ወይስ ይቅር?» ብሎ እየጠየቀ ነው። «ለሟቹ ተዉለት» የሚል አይጠፋም፤ ለየትኛው ሟች? አትሸሹ፣ መልሱልኝ። አንዷ አምጣ ያወጣችው ነው፤ አንዱ ሰርቆ ያኖረው ነው፤ አንዷ ሳታውቅ ጨፍራ፣ ሳታውቅ አልቅሳ የኖረችበት ነው። ሙሾው ለማን ይገባል?