የትርፌ ሰዓት ጭረት

አራት ሺህ ብር! የሮጠችው ሁሉ ለአራት ሺህ ብር ነው። ትርፌ ዕድሜዋን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትሸጥ ኖራ፣ አሁን ለኪዮስክ ቀብድ ልትከፍል ነው። ወንድሟ የሰጣትን ስማርት ሰዓት ሾፌሩ መንግሥቴ ፈለገው። "ከነጭረቱ ሦስት ሺህ፤ ጭረቱ ከለቀቀ ሰባት ሺህ። አውቶብሴ ሳይሞላ አምጪው!" አላት። በሰባት ሺህ ቀብዱ ይሞላል፤ በሦስት ሺህ አራት ሺህ ይጎድላል። ምን ያደርጋል፣ ሰዓቱን ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ከትታው ፊቱ ተጫጭሯል።

ሰዓት ሠሪው ጋ በረረች። "ጋሽ ኑረዲን፣ ጭረቱን አስለቅቁልኝ!"

"ፕላስቲክ ነው፣ ቅባት ቀብቼ ባሸው ይለቃል። ግን ለስላሳ ጨርቅ የለኝም።"

ጨርቅ ከሌለ ጭረቱ አይለቅም፤ ጭረቱ ካልለቀቀ አራት ሺህ ብሯ ሄደ!

ልብስ ሰፊዋ ጋ ሮጠች። "እልፍነሽ፣ በሞቴ፣ ቁራጭ ጨርቅ!"

"ጨርቁስ ሞልቶ! መቀሴ ደንዞ አልቆርጥ አለ እንጂ።"

መቀሱ ካልተሳለ ጨርቅ አይቆረጥም፤ ጨርቅ ካልተቆረጠ ጭረቱ አይለቅም፤ ጭረቱ ካልለቀቀ አራት ሺህ ብሯ ሄደ!

መቀሱን ይዛ ቢላ ሳዩ ጋ ደረሰች። "ቶሎ ሳልልኝ!"

"በጥርሴ ልሳለው? የመሳያ ድንጋዬን የሚያዞረው የቆዳ ጠፍር ተበጥሷል።"

ከዚያ ወደ ቆዳ ሰፊው። "ጠፍሩ እዚያ ውስጥ አለ" አላት ወደ መጋዘኑ እየጠቆመ፤ "ይህ ጋሪ ግን በሩ ላይ ተገትሯል።"

ጋሪው ላይ ባለቤቱ ደምሴ ምሳውን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"ወንድሜ፣ ጋሪህን አንሣ!"

"እንብላ!"

"ብላ፣ ብላ! ጋሪውን ብቻ አንሣልኝ!"

"ብቻዬን አልበላም፤ ሳልበላም አልነሣም። ያለፈው ሁሉ 'ብላ' ብሎኝ ሄደ። በዚህ ገበያ ሰው ጠፋ?"

ትርፌ ጮኸች። "አንተ ካልበላህ ጋሪው አይነሣም፤ ጋሪው ካልተነሣ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጠፍር አይወጣም፤ ጠፍር ካልወጣ መቀሱ አይሳልም፤ መቀሱ ካልተሳለ ጨርቅ አይቆረጥም፤ ጨርቅ ካልተቆረጠ ጭረቱ አይለቅም፤ ጭረቱ ካልለቀቀ አራት ሺህ ብሬ ሄደ!"

"ታዲያ ቁጭ በያ!"

ከወዲያ የአውቶብሱ ረዳት "ሁለት ሰው የቀረው!" ይላል። ትርፌ ቁጭ አለች፤ ጎረሰች። ልትነሣ ስትል "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ብሎ ያዛት። ደገመች፤ እሷም አጎረሰችው።

ያኔ ደምሴ በላ፤ ጋሪው ተነሣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ጠፍሩ ወጣ፤ መቀሱ ተሳለ፤ ጨርቁ ተቆረጠ፤ ጋሽ ኑረዲን አሸ፣ አሸ፣ አሸ፤ ጭረቱ ለቀቀ!

አውቶብሱ ሊነቃነቅ ነው። "መንግሥቴ! ቁም!" ሰዓቱን በመስኮት አቀበለችው። ወደ ፀሐይ ዘወር ዘወር አድርጎ አየው፣ አጠለቀው፣ ሰባቱንም ሺህ ቆጠረላት።

ሒሳቡ ይኸው። ኪሳራ፦ ለጋሽ ኑረዲን ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ በሩጫ የተነቀለ አንድ የጫማ ተረከዝ። ትርፍ፦ አራት ሺህ ብርና ሁለት ጉርሻ። ቀብዱ ሞላ።