በነጭ ሱሪ የተፈታ የዘይት ማጣሪያ

አንድ ቀን፣ ባሕር ዳር ጀልባ እነዳ በነበርኩበት ጊዜ፣ ሙሽራ ወደ ዘጌ እንዳሻግር ታዘዝኩ። ጀልባዋ ከኋላዋ ሁለት ሞተር የተንጠለጠለባት ናት። የዘይታቸው ጊዜ አልፎ ስለነበር፣ ሠርገኛው ከመድረሱ በፊት ዘይቱንም የዘይት ማጣሪያውንም መቀየር ነበረብኝ። እኔ ደግሞ የአሥር ቀን የሞተር ጥገና ሥልጠና ወስጄ ከተመለስኩ ገና ሳምንቴ ነው። የምስክር ወረቀቴን ያላሳየሁት ዓሣ አስጋሪ በዚያ ዳርቻ አልነበረም። ለሠርጉ ብዬ ነጭ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ፤ እንደዚያው እንዳለሁ መፍቻ አነሳሁ።

አሮጌውን ዘይት ከሁለቱም ሞተር ቀድቼ ማጣሪያው ላይ ስደርስ ጋሽ ቢያድግልኝ መጡ። ከእኔ ዕድሜ በላይ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ መካኒክ ናቸው። አጠገቤ ቁጢጥ አሉና፣

«ሸጋው፣ ማጣሪያው ውስጥ የቀረ ዘይት አይጠፋም። ፌስታል ልስጥህ?» አሉኝ።

«ፌስታል ለሽንኩርት ነው ጋሼ። እኛ በዘዴ ነው የተማርነው።»

«እንግዲህ ልብስህን እይ።»

«አያስቡ። አንዲት ጠብታ ዘይት ጠብ አትልም።»

የግራውን ሞተር ማጣሪያ ጨብጬ አዞርኩት። በመጀመሪያው ዙር ምንም የለም። «አዩ?» ልላቸው ቀና አልኩ። በሁለተኛው ዙር ዘይቱ ተንዠቀዠቀ። በእጅጌዬ ገብቶ በብብቴ ዞረ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አጠቆረው፣ የተረፈው ሐይቁ ላይ ተዘረጋ። ማጣሪያውን ልልቀቀው ብል ውሃ ውስጥ ሊገባብኝ ነው፤ ልያዘው ብል ያሙለጨልጨኛል። አቅፌው ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ቢያድግልኝ አሮጌ ጨርቅ ውሃው ላይ ጥለው ዘይቱን ለቀሙ። ከዚያ ወደ ቀኙ ሞተር ዞሩ። ማጣሪያውን ፌስታል አለበሱት፣ ከሥሩ በእጃቸው ደግፈው ቀስ እያሉ ፈቱት። ማጣሪያውም ዘይቱም ፌስታሉ ውስጥ ቁጭ አለ። ጣታቸው እንኳ አልረጠበም። አዲሶቹን ማጣሪያዎች ሁለቱንም ራሳቸው ገጠሙ፤ አዲሱንም ዘይት ሞሉ።

በዚህ መሃል ሠርገኛው በእልልታ ደረሰ። የሙሽራዋ አባት አቶ ምኒችል ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄን የሚያሻግራት ይሄ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሌላ ነጂ ሊፈልጉ እንደሆነ ገባኝ። እንጀራዬን ላድን ብዬ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ፣

«ጋሽ ቢያድግልኝ ይመስክሩ። እኔ ጠብ አይልም አልኩ እንጂ፣ አይፈስም መቼ አልኩ?» አልኩ።

ሠርገኛው ፈገግ አለ። የዳንኩ መሰለኝ።

ጋሽ ቢያድግልኝ የፌስታሉን አፍ እየቋጠሩ፣ ለሰው ዋስ እንደሚሆን ሽማግሌ ረጋ ብለው፣

«እውነቱን ነው» አሉ። «እኔም ሳውቀው፣ ከሱ ጠብ የሚል ነገር የለም።»

ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች፤ አቶ ምኒችልም ሳቅ አሸንፏቸው ተሳፈሩ። ጀልባ ነጂ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ መንዳቱ የዚያን ቀን ጠቀመኝ፤ ዘጌ እስክንደርስ አንዴም ወደ ኋላ አልዞርኩም።