የቆሙት እግሮች

አንድ ሲራክ የሚባል ሙዚቀኛ ነበር። ባንድ የለው፣ አሳታሚ የለው፤ ተከራይቶ በሚኖርባት ጠባብ ክፍል በኮምፒውተርና በአንዲት ትንሽ ኪቦርድ ብቻውን ዜማ ይሠራል። ዜማዎቹ ግጥም የላቸውም፤ ሆድ ግን ያባባሉ። ሰው አላመነበትም። «ማሽን ደግሞ መቼ ያለቅሳል?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

የጎረቤቱ የእትዬ ዘነበች ልጅ ስትዳር ሠርጉን እንዲያደምቅ ተጠራ። ሲራክም በልቡ ቆረጠ። «በመሀል የራሴን አንድ ዜማ አሰማለሁ። ሰዉ ከወደደው ወደደው፤ ካልወደደው ዕቃዬን ሸጬ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ» አለ።

መጀመሪያ የሚያስጨፍሩትን ዘፈኖች ለቀቀ፤ ድንኳኑ በእስክስታ ተናጠ። ሙሽራዋ ተመርቃ ልትሸኝ ስትነሣ እየፈራ የራሱን ዜማ ከፈተና ማሽኑ ላይ አቀረቀረ። ዕቃውን ከዘረጋበት ጠረጴዛ ሥር የሚታየው የሰዉ እግር ብቻ ነበር። እግሮቹ ዝግ አሉ፤ ከዚያም ቆሙ። ጭብጨባው ጠፋ፣ እልልታውም ጠፋ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ሠርግ ላይ ለሚጫወት ሰው ግን መርዶ ነው።

ሲራክ ዜማውን ከመሀሉ ዘጋው። ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ኪቦርዱን ለማን እንደሚሸጠው ሁሉ አስቦ ጨርሷል። ያኔ አንድ ጥንድ ነጭ ጫማ መጥቶ ከፊቱ ቆመ።

«ለምን ዘጋኸው?» አሉት እትዬ ዘነበች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ሰዉ ጭፈራውን ሲተው ሠርግዎን ያበላሸሁ መሰለኝ።»

«ማን ነገረህ? እስቲ ቀና በል።»

ቀና አለ። ሙሽራዋ ታለቅሳለች። ልበ ደረቅ የሚባሉት አባቷ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙረው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«አየሃቸው እነዚያን ሚዜዎች?» አሉ እናትየው፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «መሸ፣ እንሂድ እያሉ ሲያዋክቡኝ ነበር። ዜማህን ሲሰሙ ፈዘው ቀሩልኝ፤ እኔም ልጄን አቅፌ ቆየሁ። አንተ ስትዘጋው ሊወስዷት ተነሡ። እባክህ ልጄ ክፈተው፤ ትንሽ ትቆይልኝ።»

ሲራክ እፎይ አለ። እንባው እየመጣም ሳቀ። የጠቀለለውን ገመድ ፈታና ዜማውን ከመጀመሪያው ጀመረው። በዚህ ጊዜ ግን አላቀረቀረም። ሚዜዎቹ እንደገና ፈዘው ቆሙ፤ እናትና ልጅም እንደገና ተቃቀፉ።

ወዳጄ ሆይ፣ ሰው ደስ ሲለው ያጨበጭባል፤ ልቡ ሲነካ ግን እጁም እግሩም ይታሰራል። ያላጨበጨበልህ ሁሉ አልናቀህም። ሥራህን ከመጣልህ በፊት የሰሚህን ፊት እይ። እኛስ አቀርቅረን እግር ስናይ ከመሀሉ የዘጋነው ስንት ዜማ ይሆን?