ሁለተኛው ሳህን

ደግ ሥራህን የሚያውቅልህ አንድ ሰው ብቻ ቢሆን፣ ያም ሰው የተጠቀመበት ራሱ ቢሆን፣ ምስክር አለኝ ትላለህ?

አንዲት የመጽሔት አዘጋጅ ነበረች። የኖረችው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት፣ በሰሜን አሜሪካ፣ ዓሣ አጥማጆችና ማተሚያ ቤቶች በሞሉበት አንድ የወደብ ከተማ ነው። ስሟ ጣቢታ ነው። ባሏን ባሕር ወሰደው፤ እሷ ብዕር ያዘች። በየወሩ የሚወጣ የሴቶች መጽሔት ሃያ ስድስት ዓመት አዘጋጀች። የሌሎችን ስም በገጹ ራስ ላይ አወጣች፤ የእሷ ስም ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከማተሚያ ቤቱ አድራሻ በታች፣ በትንንሽ ፊደል ይቀመጥ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ደካማ ጽሑፍ ሲመጣላት በደራሲው ወረቀት ላይ አትሰርዝም። ሙሉውን በራሷ እጅ እንደገና ትጽፈዋለች፤ አዲሱን ለፊደል ለቃሚው ሰጥታ የደራሲውን ወረቀት በቢሮዋ ምድጃ ታቃጥለዋለች።

ፊደል ለቃሚው ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደላትን አንድ በአንድ እያነሳ ገጹን የሚደረድር ሰው ነው። ይህን ልማዷን አይወድላትም ነበር።

"እመቤቴ፣ ምድጃውን እንጨት ያብሉት፤ ወረቀቱን ያስቀምጡት።"

"ሰው ስህተቱ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ሲያውቅ ያፍራል።"

"ለእርስዎስ ማን ይመስክርልዎት?" ይልና ይስቃል። "ለኔስ ደግ ነው። የማንም ስም ይኑርበት፣ የምለቅመው የእርስዎን እጅ ጽሑፍ ነው። ዓይኔን አያመኝም።"

ሲላስ የሚባል ወጣት በዚህ መካከል መጣ። ታሪክ መፍጠር ይችላል፤ መንገር አይችልም። የታሪኩ ሰዎች እንደ ምሰሶ ቆመው ይናገራሉ። በመጀመሪያው ታሪኩ አንዲት መበለት "ወዮ ባሌ! ወዮ ባሌ!" እያለች ሁለት ገጽ ታለቅሳለች። ጣቢታ ልቅሶውን በሙሉ አወጣችው። በምትኩ መበለቲቱ ራት ስታቀርብ፣ ረስታ ሁለት ሳህን ስታስቀምጥ፣ ከዚያም ሁለተኛውን ሳታነሳው ስትቀር ጻፈች። አገር ያለቀሰው ለዚያ ሳህን ነው። ታሪኩ የወጣው በሲላስ ስም ነው።

ሲላስ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እርስዎ ባይኖሩ እኔ የለሁም" አላት። አራት ዓመት ያህል በየታሪኩ እንዲህ አለ። ከዚያ ተወው። እየቆየም የጻፈው ራሱ እንደሆነ አመነ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላ ትምህርት ቤቶች ልጆችን የሚያስጠኑት የሱን ጽሑፍ ሆነ፤ ያን ሁሉ ዘመን ረቂቁ በጣቢታ ምድጃ ይነድ ነበር።

ጣቢታ የራሷ መጽሐፍ ነበራት። ስለ ወደቡ መበለቶች ነው። አሥራ አንድ ዓመት በየእሑዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጻፈችው። ልጅ የላትም፤ ከሞትኩ በኋላ ስሜን የሚያነሳ ይህ ብቻ ነው ትል ነበር። በስድሳ ዓመቷ መጽሔቱን ተሰናብታ ለአንድ አሳታሚ ወሰደችው።

አሳታሚው አንብቦ አስጠራት።

"ያምራል" አላት፤ "ግን የሲላስ ነው። ንግግሩ፣ ዝምታው፣ ያ ባዶ ሳህን እንኳ የማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። ምንጩ ሳለ ከማድጋው ማን ይጠጣል?"

"ምንጩ እኔ ነኝ።"

"እንዲያ ከሆነ ሲላስ ይህን የሚመሰክር ሁለት መስመር ይጻፍልዎት። በማግስቱ አትመዋለሁ።"

ወደ ሲላስ ሄደች። ድሮ እርስዎ ይላት ነበር፤ አሁን አንቺ አላት።

"ጣቢታ፣ አልክድም። ነጠላ ሰረዞቼን አስተካክለሽልኛል።"

"ነጠላ ሰረዝ? ሳህኑ የቤቴ ነው፣ ሲላስ። ባሌ የሞተ ሰሞን ያቀረብኩት እኔ ነኝ።"

"ሳህን በሁሉም ቤት አለ። እኔ የሰጠሁሽ ወረቀት የታለ? አምጪውና እናስተያየው።"

"አቃጠልኩት። እንዳታፍር ብዬ።"

"እንግዲያው ተሳክቶልሻል" አለ ሲላስ። "አላፈርኩም።"

የቀራት ምስክር ፊደል ለቃሚው ነበር። እሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ የሲላስን መጻሕፍት በሚያትመው ቤት ተቀጥሯል። ከእርሳስ ፊደላቱ ቀና ሳይል፣ "እመቤቴ፣ እኔ የምለቅመውን አላነብም" አላት። ያን ቀን ቀልድ አልነበረውም።

መጽሐፉ ሳይታተም ቀረ። ሲላስም ከዚያ ወዲያ ሦስት መጻሕፍት አወጣ። ሰዎቹ እንደገና እንደ ምሰሶ ቆሙ። አንባቢው "ሲላስ አረጀ" አለ። አላረጀም፤ ብቻውን ቀርቶ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ በሯን አንኳኳ። ባርኔጣውን አውልቋል።

"በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ጣቢታ ከላይ እስከ ታች አየችው። "በብብትህ የያዝከው ምንድን ነው?"

"እሱማ... አዲስ ነገር ጀምሬ ነው። ጊዜ ካገኙ አንዴ ቢያዩልኝ ብዬ..."

"ውሰደው።"

"ወንጌሉስ ይቅር በሉ አይልም?"

"ወንጌሉ የጸሐፊዎቹን ስም ይዟል።"

ብዙ ታሪክ እዚህ ላይ ሲደርስ ሰዎቹን ያስታርቃል። እንዲያ ያለ መጨረሻ በብዙ መጽሐፍ አንብቤ ደክሞኛል። ከዚህኛው የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው፦ የሰው ነውር ለመሸፈን የራስህን ልብስ አውልቀህ አትስጥ። ብርድ ሲመታህ ልብሱ ያንተ እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም። ምስክሩን ያቃጠለ ደግነት ለከሃዲ መንገድ ይጠርጋል። አንተስ ዛሬ የማንን ወረቀት እያቃጠልክ ነው?

ሲላስ ገና ከበሩ አልሄደም ነበር።

"ታዲያ ከሰው ሁሉ የማይምሩት እኔን ብቻ ነው?" አላት።

"አንተን አልምርም። አሳታሚውን አልምርም፣ ፊደል ለቃሚውንም። ምድጃው ፊት ቁጭ ብላ እሳት ስትቆሰቁስ የኖረችውንም ሴት አልምራትም። ማንንም ይቅር አልልም።"