«ይለፍ» ያላለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ጠጋ በሉማ ልጆቼ፣ አያ አንበሳ አውሬው ሁሉ አብሮት በሚኖርበት ግቢ በር ላይ ውሻን ዘበኛ አድርጎ አቆመ። ለነዋሪዎቹ ከውጭ የሚመጣው ጥቅል ሁሉ በሩ ላይ ይሰለፋል። ውሻ ግን በራሱ አያስገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ካለው ዋርካ ላይ የተቀመጠችውን እመት ጦጣን ይጠይቃል። እሷም ጥቅሉን አየት አድርጋ ወይ «ይለፍ» ወይ «ይመለስ» ትላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ደጁ ጠባብ ነውና ሰልፉ ከሞላ ውሻ ማንንም ሳይጠይቅ መጪውን ይመልሳል፤ የአንበሳ ትእዛዝ ነው።

አያ ጅቦ ይህን ሲያይ ሆዱ ይቃጠላል። ያን ሰሞን ልጁ በትኩሳት ተኝቶበት፣ ከወንዝ ማዶ በአህያ የሚመጣለትን መድኃኒት ይጠብቅ ነበር። ጦጣ እንደደረሰ አሳልፈዋለሁ፣ አትስጋ ብላዋለች። እሱን ግን ያንገበገበው ያቺ ቃል ከእሷ አፍ መውጣቷ ነው።

አንበሳ ዘንድ ሄዶ፣ «ጌታዬ፣ አንዲት ቃል ለምትናገር ጦጣ አገሩ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ አፏን ያያል። እኔ ደግሞ ድምፄ የት እንደሚደርስ ታውቃለህ» አለ።

አንበሳም ጭቅጭቁ ሰለቸውና እስቲ ሞክረው አለው።

ጅብ ዛፍ መቼ ይወጣል? ከዋርካው ሥር ተጎለተ። የዝንጀሮ እህል መጣ፤ ውሻ ምን ልበል ብሎ ጠየቀው። አያ ጅቦ አሸተተ፣ አሸተተና «ቆይ እስቲ» አለ። የጥንቸል ጎመን መጣ፤ አሁንም «ቆይ እስቲ»። ውሻ እኮ የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ቆይ» የሚባል የለበትም። ሰልፉ ረዘመ። ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው፣ እንዴት እንደጣመው! ካሳለፍኳቸውማ ማን ያየኛል ብሎ አሰበ።

ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ «አየሽ ጦጢት? አንቺ ዘንድ እንዲህ ተሰልፈው ያውቃሉ?» አላት።

«እኔ ዘንድማ የሚቆም አልነበረም፣ አያ ጅቦ» አለችው።

ይሄኔ አህያ መድኃኒቱን ተሸክማ ደረሰች። ደጁ ጢም ብሎ ሞልቷል። ውሻ መለሳት።

«የልጄ ነው፣ ይለፍ ብያለሁ» አለ ጅቦ።

«ደጁ ሞልቶ፣ ለዚህኛው መቼ ጠየቅሁህ?» አለው ውሻ።

ጅቦ ተከትሏት ሮጠ። አህያ ከኋላዋ ጅብ ሲሮጥ ስታይ ትቆማለች እንዴ? ሩጫው ባሰባት። ተመልሶ ከዋርካው ሥር ተደፋና ሥራሽን መልሰሽ ያዢ ብሎ ጦጣን ለመናት። እሷም «ይለፍ፣ ይለፍ፣ ያ ይመለስ» እያለች ደጁን አጸዳችው፤ ከዛፍ ዛፍ ዘላም አህያዋን አግባብታ መለሰቻት። ያን ጊዜ አያ ጅቦ ከጥቅሉ ጎን ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የጦጣን አፍ አየ።

«ይለፍ» አለች። ልጁም ዳነ።

ከዚህ የምንማረው በሰው ሥራ የቀና፣ ሥራውን ይዞ የሚያዩትን ዓይኖች ሲቆጥር በሩን በገዛ ልጁ ላይ እንደሚዘጋ ነው።