ለእህሉ የተሸጠችው በቅሎ

አንዲት ሴት ነበረች። ባል አልነበራትም፤ ልጅ ግን ነበራት።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ስንዱ። «ጋሼ፣ ልጄን ለብቻዬ ስለማሳድግ መንግሥት ለትምህርቴ የሚሰጠኝ ነገር ዕዳ ሆኖ ሳያንቀኝ፣ ኮሌጁን ትቼ ሥራ ልግባና ልመልስለት ወይ?» ነው ያልሽኝ። እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን የዚያችን ሴት ነገር ስሚ። እኔ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ክው እላለሁ።

ሴትዮዋ የምትኖረው ከተራራ ሥር ባለች መንደር ነው። ልጇ ገና አምስት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ናት። የልጅቷ አባት «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ እንደወጣ የቀረ ሰው ነው። መንደርተኛው ያማታል፤ ሰው መቼም ሥራው ነው። እሷ ታዲያ ለሐሜተኛ ወሬ እንዳላቀብል ብላ ከማንም ምንም አትጠይቅም ነበር። ጨው ቢያልቅባት ወጧን ያለ ጨው ትበላለች እንጂ የጎረቤት ደጅ አትቆምም። ይህ ጠባይዋ አስከብሯታል። ኋላ ጉድ የሠራትም እሱው ነው።

በዚያ አገር ብዙ ሴት በምጥ ይሞት ነበር። የሴትዮዋም ታላቅ እህት የሞተችው እንደዚያ ነው፤ እሷ እጇን ይዛት፣ የምታደርገው ጠፍቷት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምኞቷ አንድ ብቻ ሆነ፤ ማዋለድ መማር። ግን በምን አቅሟ? ትምህርት ቤት ብትውል ልጅቷን ማን ሊያበላት?

የአገሩ ገዥ ክፉ ሰው አልነበረም። የሴቶቹ ሞት አንገበገበውና አዋላጆች የሚማሩበት ቤት አሠራ። ነጋሪት አስጎስሞም አዋጅ አስነገረ። ልጃቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሴቶች መጥተው ይማሩ፤ ለልጃቸው ቀለብ፣ ለመንገዳቸው በቅሎ አለላቸው ተባለ። ሴትዮዋ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ ይህን ስትሰማ ልቧ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። በዚያው ቅጽበት ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እሷን ስታባብል የአዋጁ እኩሌታ አመለጣት። አጠገቧ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። «አባቴ፣ ምን አለ?» ብትላቸው ምን ነበረበት? አላለችም። ያልገባት እንዳይመስልባት ፈራች፤ ደግሞም ለመቀበል የቋመጠች እንዳትመስል።

በቅሎዋን የተቀበለችው በአደባባይ ነው። ኮርቻ ተጭኖባት፣ እምቢልታ እየተነፋ፣ ገዥው በገዛ እጁ ልጓሟን አስጨበጣት። በዚያ ዘመን ከገዥ እጅ በቅሎ የተቀበለ ሰው ተሸለመ ነው የሚባለው። እጅ ነስታ ተቀበለች። እህሉን ግን የተቀበለችው ከጎተራው በስተጓሮ ነው፤ እምቢልታም የለ፣ ሰውም የለ። ጎተራ ጠባቂው ዝም ብሎ ቁናውን ይሞላል፣ አፉን በእንጨት ያስተካክላል፣ ጆንያዋ ውስጥ ይገለብጣል። ደግሞ ይሞላል፣ ደግሞ ያስተካክላል።

ይህን ስታይ በደስታዋ ላይ ውሃ ተቸለሰበት። በመንደሯ የሚሰጥ ሰው አይሰፍርም። ለተቸገረ ጎረቤት በእንቅብ ዘግኖ ይሰጣል፤ ስንት ነው አይባልም። የሚሰፍር ያበደረ ሰው ነው። ሰፍሮ ከሰጠ ሰፍሮ ይቀበላል። ስለዚህ በልቧ ጨረሰችው፤ በቅሎዋ ስጦታ ናት፣ እህሉ ብድር ነው። ጠባቂው አዋጁን ሰምታለች ብሎ አንድም ቃል አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም፤ ቁናው ነግሯት የለም ወይ? ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሳይነጋገር የሚያመጣውን ጥፋት የሚያህል ጥፋት እኔ አላውቅም።

ትምህርቷን ጀመረች። ማልዳ ተነሥታ ልጅቷን ከኮርቻው ፊት ታስቀምጥና ሁለት ሸለቆ አቋርጣ ትሄዳለች። ጎበዝ ተማሪ ሆነች። መምህርቷ እጇን አይታ «አንቺስ ለዚህ የተፈጠርሽ ነሽ» ትላት ነበር። እየዋለ እያደረ ትምህርቱ ወደ ማለቁ ደረሰ፤ የቀራት አንድ ክረምት ብቻ ሆነ። እህሉ ግን አልዋጥ ይላት ነበር። ልጅቷን ባጎረሰቻት ቁጥር «ይህን ማን ሊከፍለው ነው?» ትላለች ለራሷ። አንድ ቀን ጎረቤቷ መጣችና «የገዥ እህል በልቶ ያልመለሰ ልጁን ያስረክባል አሉ» አለቻት። አሉ ነው እንግዲህ። ማን አለ? የት አለ? አልጠየቀችም። ልጅቷን ብድግ አድርጋ ታቀፈቻት፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየችም።

አዝመራ በገባ ሰሞን በቅሎዋን ወደ ገበያ ነዳች። የራሷ ናት ብላለቻ። አንድ የሩቅ አገር ነጋዴ የጨነቃት መሆኑ ገባውና ዋጋዋን ሰበረባት። ይሁን ብላ ሸጠች። በገንዘቡ ጤፍ ገዛች፤ የበላችውን ያህል ሞልቷል አልሞላም እያለች ደጋግማ ሰፈረች። አህያ ተከራይታ ጫነችና ወደ ጎተራው ሄደች። በመንገድ ላይ ቀለል ብሏት ልጅቷን ስታጫውት ነበር አሉ። ይኼ ይኼ ነው ሆዴን የሚበላው።

«ይህ ምንድን ነው?» አላት ጠባቂው።

«ያበደሩኝ እህል ነው፣ ጌታዬ። ይስፈሩና ይቀበሉኝ።»

«ማን አበደረሽ? የልጅሽ ቀለብ እኮ ነው። ተሰጠሽ፣ በላችሁት፣ አለቀ።»

ሴትዮዋ የሰማችው አልገባትም። «ሰፍረው ነው የሰጡኝ» አለች።

«የሰፈርኩትማ ድርሻሽን ማንም እንዳይቀንስብሽ ነው። እንድትመልሺው መሰለሽ እንዴ?» አለና ጆንያዎቹን ማየት ጀመረ። «ለመሆኑ ይህን ሁሉ እህል ከየት አመጣሽው?»

«በቅሎዬን ሸጬ።»

ጠባቂው ጆንያው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «በቅሎዋን?» አላት። «ብድሩ እኮ በቅሎዋ ናት።»

እሱ እያዘነ ያስረዳት ጀመር። በቅሎዋ ትምህርቷን እስክትጨርስ አትጠየቅባትም ነበር። ሥራ ከያዘች በኋላ፣ ከምታገኘው ላይ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለች ዋጋዋን ትከፍል ነበር፤ ሥራ ቢዘገይባትም ይጠብቋት ነበር። በቅሎዋ የተሸጠች እንደሆነ ግን ዋጋዋ ዛሬውኑ ይፈለጋል። ይህ ሁሉ በአዋጁ ተነግሯል፤ ልጅቷ ስታለቅስ።

ሴትዮዋ ሁሉንም ትታ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበች። «ልጄን አትወስዱብኝም?» አለች።

«ልጅሽን?» ጠባቂው ከተቀመጠበት ተነሣ። ከበቅሎዋም ይልቅ ይህ አስደነገጠው። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ልጅሽ እንድትበላ የሰጠን ሰዎች ልጅሽን ልንወስድ?» አለና ግንባሩን ያዘ። እሱም ያን ዕለት አንድ ቃል ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ይህ እንደማይመጣ ገብቶታል። ግን ምን ያደርጋል?

ነጋዴው አገር አቋርጦ ሄዷል። እህሉን መልሳ ብትሸጠው የበቅሎዋን እኩሌታ እንኳ አላወጣላትም። ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት እህል እየፈጨች ዓመት ከረመች። መንደርተኛው «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» እያለ ሳቀባት። ሳቁ አልቆየም። በዚያው ዓመት አንዲት ጎረቤታቸው ምጥ ጠናባትና ሰው እየሮጠ ከወፍጮው ላይ አስነሥቶ ወሰዳት። የተማረችውን ሁሉ አደረገች። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ግን ያ የቀራት የአንድ ክረምት ትምህርት ነበር። ያቺ ጎረቤት በእጇ ላይ ሞተች፤ እንደ እህቷ።

ኋላ ዕዳዋን ከፍላ፣ በእግሯ እየተመላለሰች ትምህርቷን ጨረሰች። አዋላጅም ሆነች፤ ብዙ እናት አተረፈች። ልጅቷ ግን በዚያ ሸለቆ ከኋላዋ ሱክ ሱክ እያለች «እማ፣ በቅሎዋ የኛ አልነበረችም እንዴ?» ባለቻት ጊዜ አንሥታ አዘለቻትና መንገዷን ቀጠለች።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ልጄ። ወር በወር የሚሰጡሽ ድጎማ እንደዚያ እህል ሊሆን ይችላል። ሠርተሽ ትከፍያለሽ ያሉሽ የትምህርት ክፍያ ደግሞ እንደ በቅሎዋ። ወይም ግልባጩ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ? «ፈርሜያለሁ፣ አላነበብኩትም» ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንዲህ ስትዪኝ ደግሞ በድንጋጤ ከዘራዬን ልጥለው ነበር። መንግሥት ይሰጣልም፣ ያበድራልም። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ጎተራ፣ በአንድ ቁና ነው። አሰጣጡን አይተሽ አትለዪውም። ይህ ይመለሳል ወይ፣ የሚመለስ ከሆነ መቼ፣ ትምህርቱን ብተወውስ ምን ይመጣብኛል ብለሽ ጠይቂ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። «አሉ» የምትልሽን ጎረቤት ሳይሆን የሰፈረልሽን ሰው ጠይቂ።

ቦርሳሽ ውስጥ ያለው፣ ቅድም ያሳየሽኝ የኮሌጅ መልቀቂያ ማመልከቻ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በቅሎዋን ወደ ገበያ መንዳት ነው። የሚያደርስሽን ሸጠሽ ምናልባት የራስሽ የሆነውን ልትመልሺ ነው። እዚሁ አስቀምጪው። ነገ ጠዋት ወደ ኮሌጁ ሂጂ፤ ልጅሽንም ይዘሽ ሂጂ። ብታለቅስ ታልቅስ፤ እያባበልሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው ስሚ፣ ያመለጠሽን «ድገሙልኝ» በይ። ማፈር ካማረሽ፣ ጠይቀሽ ከተመለስሽ በኋላ እፈሪ።